መልስ፦ ለዳክዬም ለፌዛንትም የሚሆን አንድ ውሻ

ለዳክዬና ለፌዛንት (ዶሮ የሚመስል የዱር ወፍ ነው) አደን ከሁለት የውሻ ዝርያዎች፣ ከላብራዶርና ከጀርመን ሾርትሄርድ ፖይንተር፣ የትኛው ይሻላል ብለህ ጠይቀሃል። ላብራዶር ውሰድ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ከፌዛንቱ ይልቅ ዳክዬ ማደን እንደምታበዛ ጽፈሃል፤ እንደዚያ ከሆነ ጀርመን ሾርትሄርድ ፖይንተሩን ተወው።

ዳክዬ ተመትቶ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ውሃ ላይ ነው፤ ውሻው ዋኝቶ ማምጣት አለበት። የላብራዶር ፀጉር ድርብ ነው፦ ላዩ ውሃ የማያስገባ፣ ሥሩ ጥቅጥቅ ያለና ለስላሳ። ወጥቶ አንዴ ከተራገፈ ለቀጣዩ ዝግጁ ነው። ፖይንተሩም ይዋኛል፤ ግን ፀጉሩ አጭርና ስስ ስለሆነ በኅዳር ብርድ ውሃ ዳር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ የምትኖረው አፓርታማ ነው፤ እሱ በየቀኑ በደንብ ካልሮጠ ሶፋህን ይበላልሃል።

ፌዛንት ላይ ፖይንተሩ እንደሚበልጥ አልክድም። የወፉ ሽታ ሲደርሰው ደርቆ ይቆምና እስክትደርስ ይጠብቅሃል። ላብራዶር ግን ገብቶ ያስነሳዋል፤ ስለዚህ ከ25 ሜትር በላይ እንዳይርቅህ ከቡችላነቱ አስለምደው፤ አለዚያ ወፉ የሚነሳው ጥይትህ ከማይደርስበት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ተኩስ ላለማምደው ብለህ ቡችላውን የተኩስ ልምምድ ቦታ እንዳትወስደው። እንዲህ የተደረገ የጓደኛዬ ውሻ ዛሬም ጠመንጃ ሲያይ መኪና ሥር ይገባል። ወፍ እያሳደደ ልቡ እዚያ ሳለ፣ ከሩቅ፣ በአነስተኛ ድምፅ ጀምርለት፤ ካልደነገጠ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ቅረብ።