የአባቴ ወገኖች ግሪኮች ናቸው፤ አብሬያቸው እስከ የት ልሂድ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ የተወለድኩ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴ ግሪክ አሜሪካዊ፣ እናቴ ኢትዮጵያዊት ናት። በ80 ቀኔ የተጠመቅሁት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የንስሐ አባቴም እዚያው ናቸው። የአባቴ እናት ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ስለሆነ አክስቶቼ «የመታሰቢያውን ኮሊቫ (የተቀቀለውን ስንዴ) አንቺ ሥሪ» ብለውኛል። የግሪክ ደብሩ ወጣቶችም በጭፈራ ቡድናቸው እንድገባ ጋብዘውኛል። ደስ ይለኛል፤ ግን እምነቴን የተውኩ እንዳይመስል እፈራለሁ። እዚያ መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ ሁለቱንም ወገን ይዟል። የአባትሽን ቤት ብትወጂ እናትሽን አልካድሽም። ኮሊቫውን ሥሪ፣ ወጣቶቹም ጋር ግቢ። ቁርባኑን ግን በራስሽ ፈቃድ አትቀበዪ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የእኛና የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቁርባን አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1989ና በ1990 የሁለቱም ወገን ሊቃውንት ተወያይተው ስለ ክርስቶስ ያለን እምነት አንድ መሆኑን በመግለጫ አስታውቀዋል፤ ሆኖም የቁርባን አንድነቱ እስካሁን አልተመለሰም። ስለዚህ ጉዳዩ ለንስሐ አባትሽና ለደብሩ ካህን የሚቀርብ እንጂ በአክስት ግፊት ወይም በጓደኛ ግብዣ የሚወሰን አይደለም። ካህኑን አስቀድመሽ አግኝተሽ ማን እንደሆንሽ ንገሪያቸው። ሳይነግሩ ተሰልፎ ጽዋው ፊት ሲደርሱ መመለስ ለሁሉም ያሳፍራል።

እንግዳ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ሰልፉን ባለመለየት ነው። በቅዳሴው መካከል ካህኑ ጽዋ ይዘው ሲወጡ፣ ከቆራቢው አገጭ ሥር ቀይ ጨርቅ ተዘርግቶ በማንኪያ ሲሰጥ፣ ያ ቁርባን ነውና ከቦታሽ አትነሺ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ካህኑ በእጃቸው የሚያድሉት ቁራሽ ኅብስት ግን አንቲዶሮን ይባላል፤ የበረከት ኅብስት እንጂ ቁርባን አይደለም፣ በብዙ ደብርም ለእንግዳ ይሰጣል። ሌላም ልብ በዪ፦ «አጊዮስ ኦ ቴኦስ» ብለው ሲያዜሙ እኛ «ቅዱስ እግዚአብሔር» ስንል የምንጨምረውን «ዘተወልደ እማርያም» አይሉም፤ ለሥላሴ የሚቀርብ ምስጋና አድርገው ነው የሚዘምሩት። እዚያ ሆነሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አትጨምሪበት፤ ክርክሩም የአንቺ አይደለም።

ስለ ኮሊቫው ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ፤ የተሰጠሽ ትልቅ አደራ ነውና። ኮሊቫ የተቀቀለ ስንዴ ነው፤ በእናትሽ ዘመዶች ለቅሶ ቤት ንፍሮ ቀርቦልሽ ከሆነ እንግዳ አይሆንብሽም። መሠረቱ ጌታ የስንዴ ቅንጣት በምድር ወድቃ ከሞተች ብዙ ፍሬ ታፈራለች ያለው ነው (ዮሐ. 12፥24)። ለአንድ ትሪ 1 ኪሎ ስንዴ ውሰጂ። ዐርብ ማታ ለቅመሽ፣ አጥበሽ ዘፍዝፊው። ቅዳሜ ጠዋት በብዙ ውኃ፣ ፍሬው ለስልሶ መፈንዳት እስኪጀምር ድረስ ቀቅዪው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ አጥልለሽ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቀሽ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ስስ አድርገሽ አስጪውና ይደር። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ስንዴው እርጥበት ከያዘ ላዩ ላይ ያለው ስኳር ቀልጦ መስቀሉ ይጠፋል፤ ሳይደርቅ በተከደነ ዕቃ ካደረ ደግሞ ይኮመጥጣል።

እሑድ ጠዋት ሁለት ኩባያ የተከተፈ አልሞንድ ወይም ዋልነት፣ አንድ ኩባያ ዘቢብ፣ የአንድ ሮማን ፍሬ፣ ጥቂት የተቆላ ሰሊጥና ሁለት የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ቀላቅዪበት። ትሪው ላይ ጉብ አድርገሽ በእጅሽ ጠቅጥቂው፤ እስኪቀላ የታመሰ የስንዴ ዱቄት አልብሺው። ይህ ሽፋን ለውበት አይደለም፤ ከሥር የሚወጣውን እርጥበት የሚመጠው እሱ ነው። በላዩ የዱቄት ስኳር በወንፊት ንፊና ሰም በተቀባ ወረቀት ተጭነሽ ደልድዪው፤ በአልሞንድ ከረሜላ መስቀልና የአያትሽን ስም የመጀመሪያ ፊደል ሥሪበት። ስኳሩን ቅዳሜ ማታ ለመጨረስ አትቸኩዪ። አንድ ሻማና የአያትሽ የክርስትና ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አስታውቂ፤ ከሆሣዕና ዋዜማ፣ ከአልዓዛር ቅዳሜ፣ እስከ ዳግም ትንሣኤ የሙታን መታሰቢያ አያደርጉምና ቀኑ እዚያ ላይ ከወደቀ ይዛወራል።

ጭፈራው ቀላል ነው። ከሰልፉ ጫፍ፣ ከመጨረሻው ሰው ቀጥለሽ ግቢ፤ መሐረብ ከያዘው መሪ አጠገብ መግባት ነውር ነው። የሚያስቸግርሽ የቀን መቁጠሪያው ነው። ፋሲካ ለሁለታችንም አንድ ቀን ይውላል፤ ዐቢይ ጾምን ግን እኛ አንድ ሳምንት ቀድመን እንገባለን። ግሪኮቹ ሥጋ ትተው አይብና እንቁላል የሚበሉበት፣ ከጾሙ በፊት የሚጨፍሩበት የመሰናበቻ ሳምንት የእኛ ዘወረደ፣ የጾማችን የመጀመሪያ ሳምንት ነው። የቡድኑን ኃላፊ ገና በመስከረም ንገሪያት፤ በዚያ ሳምንት ልምምዱ ላይ ተገኚ፣ ግብዣው ላይ አስተናግጂ፣ መድረኩ ይቅርብሽ። ገናን በአሜሪካ ያሉ ግሪኮች ዲሴምበር 25 ሲያከብሩ አንቺ ከእኛ ገና በፊት በምንጾመው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነሽ። ጃንዋሪ 1 በቅዱስ ባስልዮስ ቀን የሚቆረሰው፣ ሳንቲም የሚደበቅበት ቫሲሎፒታ የሚባለው ኬክም በጾምሽ ላይ ይውላል። በብዙ ቤት የመጀመሪያው ቁራሽ ለክርስቶስ፣ ሁለተኛው ለእመቤታችን፣ ከዚያም ለቤቱና ለቤተሰቡ በዕድሜ ተራ ይቆረሳል፤ ያንቺ ቁራሽ ተቆርሶ ባትበዪው አክስቶችሽ ቅር ይላቸዋል። ስለዚህ በቅቤና በእንቁላል ፈንታ በዘይትና በብርቱካን ጭማቂ የሚጋገረውን እንዲያደርጉልሽ ቀድመሽ ጠይቂያቸው፤ እነርሱም በጾማቸው የሚጋግሩት ዓይነት ነውና አይቸግራቸውም።