ወደ ድሮ አክሰስ የተመለሰ ዳታቤዝ ፎርሞቹ ሲበላሹ፦ ለወጣት ባለሙያዎች

ዳታቤዝ መሥራት ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

በማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም በአክሰስ 2010 የሠራችሁትን ፋይል ቅርንጫፍ ቢሮ ያለው አክሰስ 2003 እንዲከፍተው «ወደ ድሮው ቀይራችሁ ላኩልን» ስትባሉ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሴቭ አዝ ብላችሁ ከኤሲሲዲቢ (ከአዲሱ የፋይል ዓይነት) ወደ ኤምዲቢ (ወደ ድሮው) ትቀይራላችሁ፤ ቴብሎቹና ኩዌሪዎቹ ደህና ይከፈታሉ። ፎርሞቹ ጋ ሲደረስ ግን የአንዱ ቁልፍ አይሠራም፣ ሌላው አልከፈት ይላል፣ ሦስተኛው አክሰስን ራሱን ይዘጋዋል። ያኔ ብዙው ሰው ኮምፓክት ኤንድ ሪፔርን (ፋይሉን አጥብቦ የሚያድሰውን ትእዛዝ) ደጋግሞ ይጫናል። ኮምፓክት የሚያድሰው በዋናነት ቴብልና ኢንዴክስን ነው። ፎርሙና የቪቢኤ (የአክሰስ የፕሮግራም ቋንቋ) ኮዱ በሲስተም ቴብል ውስጥ እንደ ድፍን ባይነሪ ስለሚቀመጡ፣ የተበላሸውን እንዳለ ይገለብጠዋል። በእኔ እምነት የተበላሸ ፎርም አይጠገንም፤ ጽሑፉ ወጥቶ እንደ አዲስ ይሠራል። አሠራሩን ከታች አስረዳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ቅጂ ነው። ተጠቃሚው ሁሉ ከፋይሉ ይውጣ፤ ከፎልደሩ ውስጥ ኤልዲቢ (ለኤሲሲዲቢው ኤልኤሲሲዲቢ) የሚባለው የመቆለፊያ ፋይል መጥፋቱን አረጋግጡ። ዋናውን ኤሲሲዲቢና የተቀየረውን ኤምዲቢ ሳትነኩ አስቀምጡ፤ እናንተ በሦስተኛ ቅጂ ላይ ሥሩ። ከአክሰስ 2000 ወዲህ የቪቢኤ ፕሮጀክቱ ሴቭ የሚደረገው ሞጁል በሞጁል ሳይሆን በአንድ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ የታመመ ፎርም ከፍታችሁ ሴቭ ስትሉ ጤነኛ የነበሩትንም አብራችሁ ልታበላሹ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው፣ ተበላሸ የተባለው በእውነት ተበላሽቶ እንደሆነ መለየት ነው። «ኮራፕት ሆነ» ተብሎ ከሚመጣው ብዙው ኮራፕት አይደለም። ኦልትና ኤፍ 11 ተጭናችሁ የኮዱን መስኮት ክፈቱ፤ ከቱልስ ሥር ሪፈረንስስ የሚለውን (ፋይሉ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስቦች ዝርዝር) እዩ። ከአንዱ መስመር ፊት ሚሲንግ የሚል ካለ፣ ፎርሙ ውስጥ ያሉት ዴት፣ ሌፍት፣ ፎርማት የመሳሰሉት ተራ ፈንክሽኖች ሳይቀሩ አይሠሩም፤ ጥፋቱ ግን የፎርሙ አይደለም። አዲሱ ቨርዥን የሚጠቀምበት የአክሰስ ዳታቤዝ ኢንጂን ላይብረሪ በ2003 ላይ የለም። የእሱን ምልክት አንሱና በቦታው የድሮውን የዳታ ላይብረሪ ዳኦ 3.6ን ምረጡ። ኤዲኦ የሚባለው ሌላው የዳታ ላይብረሪም አብሮ ከተመረጠ፣ ሬከርድሴት ብላችሁ ባወጃችሁበት ሁሉ ዳኦ ነጥብ ሬከርድሴት ብላችሁ ግልጽ አድርጉት። ያለዚያ ከሁለቱ ላይብረሪዎች በዝርዝሩ ላይ የሚቀድመው ይወሰድና ስህተት ቁጥር 13 (የዓይነት አለመጣጣም) ይመጣባችኋል። ፒቲአር ሴፍና ሎንግ ፒቲአር የሚሉ ቃላት ያሉበት ዲክሌር (የውጭ ፈንክሽን ማወጃ) ካለም ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም (ወደሚሠራ ቅርጽ አይቀየርም)፤ እነዚህ ከኦፊስ 2010 ጋር የመጡ ናቸው። ሁለቱንም ቨርዥን ማገልገል ከፈለጋችሁ ቪቢኤ 7 መኖሩን በሚጠይቅ ቅድመ ሁኔታ ለያዩአቸው።

የድሮው ቨርዥን ጭራሽ የማያውቃቸው ነገሮችም አሉ። በአክሰስ 2007ና ከዚያ በኋላ በዊዛርድ የተሠራ ቁልፍ ኢምቤድድ ማክሮ (ፎርሙ ውስጥ የተቀመጠ የትእዛዝ ዝርዝር) ነው የሚይዘው፤ 2003 ላይ ስትጫኑት ዝም ይላል። ስፕሊት ፎርም (ፎርሙንና ዝርዝሩን አብሮ የሚያሳየው) ተራ ፎርም ይሆናል። ሪች ቴክስት የነበረው ሜሞ የኤችቲኤምኤል ምልክቶቹን አግጥጦ ያሳያል። እነዚህን ለማዳን አትድከሙ፤ ፋይሉን ከመቀየራችሁ በፊት ማክሮውን ወደ ቪቢኤ ለውጡት፣ የቀረውን በድሮው መንገድ ሥሩት። አታችመንት፣ ባለ ብዙ ዋጋ ፊልድ ወይም ካልኩሌትድ ፊልድ ያለው ፋይል ደግሞ መጀመሪያውኑ አልቀየርም ይላል።

ይህን ሁሉ አጣርታችሁ አሁንም ፎርሙን ስትከፍቱ አክሰስ የሚዘጋ ከሆነ፣ ወይም ቁልፍ በተነካ ቁጥር ከኦኤልኢ ሰርቨር ጋር መገናኘት አልተቻለም የሚል መልእክት የሚመጣ ከሆነ፣ ያ እውነተኛ ብልሽት ነው። በዲኮምፓይል፣ ማለትም ኮምፓይል የሆነውን ኮድ በመጣል ጀምሩ። የዊንዶውስ ራን ላይ የአክሰስን ፕሮግራም ሙሉ አድራሻ፣ ቀጥሎ የቅጂውን አድራሻ በጥቅስ ውስጥ፣ መጨረሻ ላይ ስላሽ አስቀድማችሁ ዲኮምፓይል የሚለውን ቃል ጻፉ። ሲከፈት ሺፍትን ተጭናችሁ ቆዩ፤ አለበለዚያ መነሻ ኮዱ ይነሳና የጣላችሁትን ኮምፓይል የሆነ ኮድ መልሶ ይፈጥረዋል። ዘግታችሁ እንደገና በሺፍት ክፈቱ፣ ኮምፓክት አድርጉ፣ ከዚያ ከዲበግ ሜኑ ኮምፓይል በሉ። ኮዱ ብቻ ተበላሽቶ ከነበረ እዚህ ላይ ያበቃል።

ካላበቃ ወደ ጽሑፉ ሂዱ። አክሰስ ሴቭ አዝ ቴክስትና ሎድ ፍሮም ቴክስት የሚባሉ፣ በመመሪያው ያልተጻፉ ሁለት ትእዛዞች አሉት። ኮንትሮልና ጂ ተጭናችሁ በሚከፈተው ኢሚዲየት መስኮት ሴቭ አዝ ቴክስትን ጻፉ፤ ሦስት ነገር ይፈልጋል። እነሱም የዕቃው ዓይነት ቁጥር፣ የዕቃው ስምና ጽሑፉ የሚቀመጥበት ፋይል አድራሻ ናቸው። ለፎርም 2፣ ለሪፖርት 3፣ ለማክሮ 4፣ ለሞጁል 5 ነው። ፎርሙ በኤሲሲዲቢው ውስጥ አሁንም ደህና ከሆነ ጽሑፉን ከዚያ አውጡት፤ በመቀየር ላይ የተጎዳውን ለምን ትታገላላችሁ?

ጽሑፉን በኖትፓድ ስትከፍቱት ብዙ መስመር አይታችሁ አትደንግጡ። ቼክሰም የሚለውን መስመር አጥፉ። ፒአርቲ ብለው የሚጀምሩት ክፍሎች (ሚፕ፣ ዴቭሞድ፣ ዴቭኔምስ) ፎርሙ የተሠራበት ኮምፒዩተር ፕሪንተር መረጃ ናቸው፤ እነሱንም፣ ኔም ማፕንም፣ ጂዩአይዲንም አጥፉ። እያንዳንዱ ክፍል ቢጊን ብሎ ጀምሮ ኤንድ ብሎ ይዘጋል፤ ኤንዱን ረስታችሁ ከተዋችሁት የሚቀጥለው ሁሉ ይፈርሳል። ሌይአውት ካሽድ ብለው የሚጀምሩትን አራት መስመሮች፣ ቲም ከለርና ቲም ፎንት ያለባቸውን፣ አንከር የሚሉትንም አስወግዱ፤ 2003 አያውቃቸውም። ፋይሉን መልሳችሁ ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉ ሲከፈት የነበረው ይሁን፤ ዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል የሚይዝ አጻጻፍ) የነበረውን ኤኤንኤስአይ ካደረጋችሁት አማርኛው ይጠፋል።

አሁን በአክሰስ 2003 ራሱ ባዶ ኤምዲቢ ፍጠሩ፤ ቴብሎቹን በኢምፖርት፣ ፎርሞቹን በሎድ ፍሮም ቴክስት አስገቡ። በተመሳሳይ ስም ያለ ፎርም ካገኘ ሳይጠይቅ እንደሚተካው አትርሱ። እንቢ ካለ በዳታቤዙ ፎልደር ውስጥ ኤረርስ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ይፈጥራል፤ ያልገባው መስመር ቁጥር እዚያ ተጽፏል። መስመሩን ነቅሳችሁ አውጡና ደግማችሁ ሞክሩ። ለመጀመሪያው ፎርም ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠፉት መስመሮች እነዚያው ስለሆኑ በሪፕሌስ ይፈጥናል።

የምትጠረጥሩት ኮዱን ከሆነ፣ ኮድ ቢሃይንድ ፎርም ከሚለው መስመር ጀምሮ እስከ ታች ያለውን ቆርጣችሁ ለብቻው አስቀምጡ፣ ፎርሙን ያለ ኮድ አስገቡ፣ ከዚያ ሃዝ ሞጁልን የስ አድርጋችሁ ኮዱን ለጥፉ። አትሪብዩት ብለው የሚጀምሩት መስመሮች አይለጠፉም። ሴቭ አዝ ቴክስት ሲባል ራሱ አክሰስ ከተዘጋ ግን ያ ቅጂ አልቆለታል፤ ወደ ቆየ ባክአፕ ሂዱ። ባክአፕ ከሌለ ኮንትሮሎቹን በግማሽ በግማሽ ወደ አዲስ ፎርም እየገለበጣችሁ ጥፋተኛውን ለዩ። ከምስልና ከአክቲቭኤክስ፣ በተለይ ከካሌንደሩ ጀምሩ።

ስለ አማርኛችን ለብቻው ልናገር። 2003 ያለበት ኤክስፒ ላይ ፎርሙ ባዶ ሣጥኖች ካሳየ ዳታው አልተነካም፤ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው በቪስታ ነው። ዩኒኮድ ፎንት ጫኑና ይታያል። የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ግን ፊደሉ ጠፍቷል፣ በፎንት አይመለስም። ወደ አክሰስ 97 መመለስ ይህን ያደርጋል፤ የ97 ጄት 3.5 (ዳታውን የሚያነበው የአክሰስ ሞተር) ዩኒኮድ አያውቅም፣ ዩኒኮድ የገባው ከ2000ው ጄት 4.0 ጋር ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ የአማርኛ ዳታ ያለውን ፋይል ወደ 97 ለውጡ ለሚላችሁ ሰው «አይሆንም» በሉት። የኮድ መስኮቱም በየትኛውም ቨርዥን አማርኛ አይቀበልም፤ እዚያ የጻፋችሁት ማስጠንቀቂያ ስትለጥፉት ነው የጥያቄ ምልክት የሆነው። መልእክቶቻችሁን በአንድ ቴብል አስቀምጡና በትንሽ ፎርም ላይ በቴክስት ቦክስ አሳዩ፤ የተለመደው የመልእክት ሣጥን አማርኛ አያወጣም።

ወደፊት እንዳይደገም፣ ተጠቃሚዎቻችሁ ካሏቸው ቨርዥኖች በአሮጌው ላይ ሥሩ፤ ወደ ላይ መውጣት ወደ ታች ከመውረድ እጅግ ይቀላል። ቴብሎቹን በአንድ ፋይል፣ ፎርሞቹን በሌላ ለዩ፤ የፎርሙ ፋይል ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በየራሱ ኮምፒዩተር ይቀመጥ። አንዱን ፋይል በኔትወርክ ብዙ ሰው ሲከፍተው ይበላሻል። ኔም ኦቶኮሬክትን (የዕቃ ስም ሲቀየር በየቦታው የሚያስተካክለውን) አጥፉት።

ለመሆኑ መቀየሩስ ግዴታ ነው? ማይክሮሶፍት ከአክሰስ 2007 ጀምሮ ራንታይሙን (ሙሉ አክሰስ ሳይኖር ፋይሉን የሚያሠራውን) ያለ ክፍያ አውጥቷል፤ የ2010ው ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 ላይ ይጫናል። ዲዛይን ማየት አያስችልም እንጂ ኤሲሲዲቢውን እንዳለ ያሠራል። ከ2003 ጎን ሲጫን ፋይሎቹ በየትኛው እንደሚከፈቱ ስለሚምታታ፣ ሾርትከቱ ላይ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ጻፉ። በእያንዳንዱ ፕሮሲጀር ውስጥም ኦን ኤረር (ስህተትን የሚይዝ ትእዛዝ) አስገቡ፤ ራንታይም ያልተያዘ ስህተት ሲያገኝ ተጠቃሚውን ሳያስጨርስ ፕሮግራሙን ይዘጋል።