የሌሊቱ አበባ ምሽት ላይ ደብዝዞ እኩለ ሌሊት ላይ ለምን ይጠራል?

ጠያቂያችን በአሪዞና፣ በሶኖራ በረሃ፣ «የሌሊት ንግሥት» የሚባለውን ቁልቋል ትንንሽ ነገሮችን አጉልቶ በሚያነሳ ማክሮ ሌንስ ፎቶ ያነሳሉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ በሚያነሷቸው ምስሎች ላይ ግንዱና ያስጠለለው ቁጥቋጦ ጥርት ብለው ሲታዩ የአበባው ቅጠሎች ጫፍ ይደበዝዛል፤ ወደ እኩለ ሌሊት የሚያነሷቸው ግን እንከን የላቸውም። ፍላሻቸው ከጥቂት ምስሎች በኋላ እምቢ ስለሚላቸው በእጅ ባትሪ ብርሃን ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ 6 ሴኮንድ ይከፍታሉ። አንድ ጠጋኝ ጥፋቱን በሌንሱ ላይ አሳቦ ፈትቶ ገጥሞላቸዋል፤ አሁን ደግሞ ፍላሹን ራሳቸው ሊፈቱት አስበዋል።

ፍላሹን አይፍቱት። ባትሪው ከወጣ በኋላም ቢሆን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ካፓሲተሩ፣ ወደ 300 ቮልት የሚጠጋ ክምችት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ በካቻቢቴ ጫፍ አንዴ መንካት ለከባድ አደጋ ይበቃል።

ሌንሱን በተመለከተ ደብዳቤዎን ሳነብ ወዲያው የጠረጠርሁት ሌላ ነገር ነው። ሌንሱ ቢበላሽ ኖሮ እኩለ ሌሊት ላይም ያደበዝዝ ነበር፤ መቆሚያው ቢነቃነቅ ደግሞ ግንዱም አብሮ ይደበዝዝ ነበር። የሚንቀሳቀሰው አበባው ራሱ ነው። ይህ ቁልቋል ዓመቱን ሙሉ የደረቀ ጭራሮ መስሎ ቆይቶ፣ አበባው ፀሐይ ስትጠልቅ መፍካት ይጀምርና በማግሥቱ ጠዋት ይጠወልጋል። እስቲ እናስላው፦ የአንዱ ቅጠል ጫፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ቢጓዝ፣ በ6 ሴኮንድ ውስጥ 0.08 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዓይን የማይታይ እዚህ ግባ የማይባል ርቀት ነው፤ ነገር ግን የአበባውን ግማሽ መጠን በሚያሳርፍ ማጉላት ምስሉን በሚቀበለው የካሜራ ክፍል፣ በሴንሰሩ፣ ላይ 0.04 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ፒክስል (የምስሉ ነጥብ) 0.004 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ጫፉ በ10 ፒክስሎች ላይ ተጎትቷል ማለት ነው። አበባው ፈክቶ ሲያበቃ መጎተቱም ያበቃል፤ የእኩለ ሌሊቱ ምስል የጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስሌት ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ሌንስ ፈቺዎች የሚበለጽጉትም ከዚህ ንቀት ነው።

ስለዚህ በምሽቱ ክፍል የሚያዋጣው ፍላሽ ነው። ኃይሉን ወደ 1/16 ዝቅ ሲያደርጉት ብዙ ፍላሾች የሚያበሩት ለ1/10,000 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው፤ በጨለማ ውስጥ ምስሉን የሚሠራው ይኸው ብልጭታ እንጂ ሹተሩ አይደለም። ሹተሩን 1/160፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 11፣ አይኤስኦውን (የሴንሰሩን የብርሃን ስሜት) 400 አድርገው ይጀምሩ፤ ፍላሹን ከካሜራው ነጥለው በጎን በኩል ያቁሙት፤ በነጭ ስስ ጨርቅም ይሸፍኑት። ነጩ አበባ በምስሉ ላይ ቶሎ ስለሚቃጠል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ስለሚሆን፣ የምስሉን ብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ፣ ሂስቶግራሙ፣ ቀኝ ጠርዙን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። በተለያየ ፎከስ ተነሥተው የሚዋሃዱ ምስሎችን ግን አበባው ሙሉ በሙሉ እስኪፈካ ድረስ አይሞክሯቸው። የእጅ ባትሪውንም ፎከስ እንዳደረጉ ያጥፉት፤ አበባውን የሚያዳቅሉት ትልልቅ የእሳት እራቶች ናቸውና ብርሃኑ ያውካቸዋል።

ፍላሹ እምቢ የሚለው በአብዛኛው ከባትሪ የተነሣ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ባትሪዎች ጥቂት ጊዜ ካበሩ በኋላ ይዝላሉ፤ ሲያረጁም ፈሳሽ አፍስሰው መገናኛውን ይበላሉ። መገናኛዎቹን በእርሳስ ላጲስ ይጥረጉ፤ በየብልጭታውም መካከል የዝግጁነት መብራቱ እስኪበራ ይታገሡ፤ ባትሪዎቹንም ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ በሚባሉት ዳግም የሚሞሉ ዓይነቶች ይተኩ። 

የተፈታውን ሌንስ ለመፈተሽ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጋዜጣ ገጽ ትይዩ ቆመው ያንሱ፤ አራቱም ማዕዘናት እኩል ካልጠሩ መስታወቱ ዘምሟልና ማስተካከያ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይስጡት። ፍላሹም በባትሪ ለውጥ ካልዳነ፣ የካፓሲተሩን ክምችት በሥርዓት ማፍሰስ ለሚያውቅ ሰው ያስረክቡት፤ ብሎኖቹን ግን እርስዎ አይንኩ።