መልስ፦ ተደጋግሞ ቢታይም የማይሰለች ፊልም

መጨረሻውን ካወቅኩት ፊልም ይሰለቸኛል፣ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ብቻ ጠቁሙኝ ላልሽው፦ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን «12 አንግሪ ሜን» እዪ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 96 ደቂቃ። አባቱን በጩቤ ገድሏል በተባለ ልጅ ላይ ሊወስኑ ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች (ጁሪ የሚባሉት) አንድ ክፍል ይገባሉ። 11ዱ «ጥፋተኛ» ሲሉ አንዱ እምቢ ይላል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

1. መጀመሪያ ለታሪኩ ብቻ እዪው።

2. በሁለተኛው ጣሪያውን ተከታተዪ። የምሬን ነው። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ካሜራውን ሲጀምር ከዓይን ከፍታ በላይ ያደርገዋል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ወደ መጨረሻው ከታች ወደ ላይ ስለሚያይ ጣሪያው ብቅ ይላል፣ ክፍሉም ሰዎቹ ላይ የተጫነ ይመስላል። መጀመሪያ ስታዪው ሳይታወቅሽ ትንፋሽ ያጠረሽ ለዚህ ነው።

3. በሦስተኛው ረጋ ብሎ የሚያወራውን ባለመነጽር ብቻ እዪ። ሌሎቹ በላብ ሲጠመቁ እሱ ኮቱን እንኳ አያወልቅም፤ እንደውም «አያልበኝም» ባይ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ የሚልባት ቅጽበት እንዳታመልጥሽ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። በዚሁ ስም እ.ኤ.አ. በ1997 እንደገና የተሠራ ባለቀለም ፊልም አለ። እኔ ቡና አስፈልቼ፣ ጓደኞቼን ሰብስቤ ስከፍተው ያወረድኩት እሱን ሆኖ አረፈው። መጥፎ ፊልም አይደለም፣ ግን ስለ ጣሪያው ሳወራ የከረምኩት እኔ አፈርኩ። ዓመቱን ሳታረጋግጪ ፈንዲሻውን እንዳታቀርቢ።