«እንደ» ከሌለ ተለዋጭ ዘይቤ ነው ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «እንደ» ካለ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ከሌለ ተለዋጭ ዘይቤ ተብለን ተምረናል። ልብ ወለድና ግጥም ሳነብ ግን በዚህ ብቻ መለየት አቃተኝ። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ የተማሩት ስህተት አይደለም። አርስቶትልም የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ነው ብሏል። «ቁጣው እንደ እሳት ነው» ሲባል ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። «ቁጣው እሳት ነው» ሲባል አንዱ ሌላውን ይሆናል። እዚህ ድረስ ብዙም አያከራክርም።

ችግሩ ጎበዝ ደራሲ «ነው»ን እምብዛም አለመፈለጉ ነው። ዘይቤውን ግሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህችን ይዩልኝ፦ «ጸጸቱ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ይነክሰዋል።» «እንደ» የለም። የአውሬ ስምም የለም። ጥርሱን ግን አይተነዋል። ከየት መጣ? ከ«ይነክሰዋል»። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ፣ «ተኝቶ ይውልና» ላይ ስንደርስ የተኛው ሰው ይሁን እንስሳ ገና አልታወቀም። መንከሱ ሲመጣ ወደ ኋላ ተመልሰን መኝታውንም የአውሬ መኝታ እናደርገዋለን። ይሄ የቋንቋችን ትልቅ ጸጋ ይመስለኛል። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ ያሳዝናል።

ታዲያ ይሄ ሰውኛ ዘይቤ (ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ መስጠት) አይደለም ወይ ይሉኝ ይሆናል። መንከስ የአውሬ ጠባይ ስለሆነ ሰውኛ አልለውም። «ሲመሽ ይወቅሰዋል» ቢል ግን ሰውኛ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ግሱን ይያዙና «ይህ ድርጊት በተለምዶ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የተባለው እንግሊዛዊ ሃያሲ በ1936 እ.ኤ.አ. የሚነገርለትን ነገርና እሱን የሚሸከመውን ምስል ለይቶ ስም አውጥቶላቸዋል። የቅኔ መምህራን ግን ከዚያ በፊት ወርቅና ሰም ሲሉ ኖረዋል። እዚህ ወርቁ ጸጸቱ፣ ሰሙ አውሬው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «የመርፌ ዓይን» ሲባል ዓይን የሚታየው ሰው የለም። «ልቡ ተሰበረ»ም እንደዚያው ነው፤ በአጠቃቀም ብዛት ምስሉ ደብዝዟል። ደራሲ ግን እንዲህ ያለውን አባባል ነፍስ ሊዘራበት ይችላል፦ «የተሰበረ ልቡን በባዶ እግሯ ረግጣው አለፈች፤ እሷም ደማች።» እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ሲሰበር እግር የሚያደማ ምንድነው? መስታወት የሚለውን ቃል ደራሲው ለእርስዎ ትቶታል።