ብዙ የሰማ ልጅ ያስታውቃል

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በባቲና በወልድያ ላላችሁ ልጆቼ፤

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በድምፅ ሥራ ነው። ለኪነት ቡድኖች ማይክራፎን ተክያለሁ፤ በካሴት ዘመን ዘፈን ቀድቻለሁ፤ ሠርግ ቤት ሞንታርቦ ተሸክሜ ገብቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማታ ማታ ዩቲዩብና ቲክቶክ እየከፈትኩ የእናንተን ሥራ አያለሁ። ብዙውን አይቼ አልፈዋለሁ። አንዳንዱ ግን እንቅልፌን ያስረሳኛል፤ ደግሜ፣ ሰልሼ አየዋለሁ። እነዚህን ጥቂቶች ከሌሎቹ የሚለያቸው ምን እንደሆነ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። ለምትሠሩትም፣ ቁጭ ብላችሁ ለምታዩትም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በእኛ ጊዜ አንድ ልጅ እንዲሰማ መንገዱ ጠባብ ነበር። መጀመሪያ የቀበሌ ኪነት ይገባል፤ እዚያ ከታየና ዕድል ከቀናው ደሴ ላይ የነበረው የላሊበላ የኪነት ቡድን ይቀበለዋል። ማሪቱ ለገሰን ያፈራው ያ ቡድን ነው። ካሴት ለማሳተም ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ የሙዚቃ ቤት ደጅ መጥናት ነበር። በዚያ በር ማለፍ ሳይችሉ መንደራቸው የቀሩ ስንት ክራር ደርዳሪዎች፣ ስንት ጨዋታ አዋቂዎች ነበሩ! ዛሬ አንድ ወጣት ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይጫወታል፤ እኔም ቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ። ይህን ሳስብ ደስታዬ ወደር የለውም።

በቅርቡ ያየኋት አንዲት ልጅ ስክሪኑን አራት ቦታ ከፍላዋለች። በአንዱ ክራር ትደረድራለች፤ በአንዱ ባዶ ጀሪካን በመዳፏ እየመታች ምት ትይዛለች፤ በአንዱ ታጨበጭባለች፤ በአራተኛው ትዘፍናለች። እንዲህ ዓይነቱ አሠራር አሁን ብርቅ አይደለም። እኔን ያስገረመኝ መሐል ላይ ያደረገችው ነው። በአምባሰል ቅኝት (ቅኝት ማለት ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች አደራደር ነው) ስትጫወት ቆየችና፣ አንዲት ክር ሳታጠብቅ ሳታላላ፣ የዜማውን ማረፊያ ብቻ ቀይራ ወደ ትዝታ ገባች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ ቤሞል ማለት ድምፁ በግማሽ እርምጃ ዝቅ ሲል ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዛችሁ ፋን መነሻና ማረፊያ ብታደርጉት ማይነር ትዝታ ይሆናል። ሁለቱ ቅኝቶች እንዲህ እንደሚዛመዱ ክራሩን ታቅፎ ብዙ የተቀመጠ ሰው ጣቱ ያውቀዋል። ልጅቷ አዲስ ነገር ያመጣችው ከዚያ እውቀት ተነስታ ነው፤ ጀሪካኑም፣ የተከፈለው ስክሪንም በኋላ የመጡ ናቸው።

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የእኛን አገር ስም ይዘው የሚኖሩ ናቸው። እናንተ ከማንም በላይ ለምንጩ ቅርብ ናችሁ። ስለዚህ የተዘጋጀ ቢት ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ከመጀመራችሁ በፊት አንዱን ቅኝት እስኪበቃችሁ ሥሩበት። የድምፅ ማስተካከያ መተግበሪያ ነገርም ያሳስበኛል። የአምባሰል ቅመሙ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ድምፅ መሐል ያለችው ያቺ ጠባብ እርምጃ ናት። መተግበሪያው በተለመደው የሜጀር ስኬል፣ ማለትም በተራ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ከተዘጋጀ ሬ ቤሞሏን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ወደ ጎረቤቷ ይጎትታታል፤ የሚወጣው ዜማ አምባሰል መሆኑ ይቀራል። ማሽኑ ቅኝታችሁን አያውቅም፤ ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

በውጭው ዓለምም ያየሁት ይኸንኑ ነው። እንግሊዛዊው ጄኮብ ኮሊየር ለንደን ካለው የቤተሰቡ ቤት፣ ከገዛ ክፍሉ ሆኖ፣ ሁሉንም ድምፅና መሣሪያ ራሱ እየተጫወተ ስክሪኑን እየከፋፈለ ቪዲዮ ይለቅ ነበር። ታላቁ አሜሪካዊ የሙዚቃ አቀናባሪ ኩዊንሲ ጆንስ ያገኘው በእነዚያ ቪዲዮዎች ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ገና በ22 ዓመቱ ሁለት የግራሚ ሽልማት ወሰደ። ብዙ ወጣት ከዚህ ታሪክ የሚያነሳው ክፍሉንና ካሜራውን ነው። እናቱ የሙዚቃ መምህርት መሆኗን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው በሙዚቃ ተሞልቶ ማደጉን ግን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ቀልድም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። አንድ ልጅ ብቻውን ሆኖ ሙሉ የቡና ሥነ ሥርዓት ሲጫወት አየሁ። ልብስ አይቀይርም፤ ያለችው አንዲት ነጠላ ብቻ ናት። ስትከናነብ እናት፣ ትከሻ ላይ ስትጣል ጎረቤት፣ ስትጠመጠም ዱዓ የሚያደርጉት አባት ይሆናል። ጎረቤቲቱ ከአቦሉ ጀምራ "በሉ ተነሳሁ" ትላለች፤ ቶናው ይመጣል፣ በረካው ይመጣል፣ "ተነሳሁ" እያለች ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ አትነሳም። አባትየው ምርቃቱን በጀመሩ ቁጥር እሷ አንድ ወሬ ታስታውሳለች። ማንንም አልሰደበም፣ ማንንም አላሳነሰም፤ ሰፈሩን ግን ልቅም አድርጎ ያውቀዋል። እንዲህ የሚያውቀው አፉን ዘግቶ፣ ጀበና ሥር ተቀምጦ ብዙ ስለሰማ ነው።

ለቀልደኞች አንድ መፈተኛ አለኝ። ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ስልኩን ገልብጡትና ድምፁን ብቻ ስሙት። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ በካሴት አገር ሲያስቁ ማንም ፊታቸውን አያይም ነበር። ሁሉን ነገር የተሸከመው ድምፃቸው፣ ቆም የሚሉበት አፍታና የቃላት ምርጫቸው ነበር። የእናንተ ሥራ ምስሉ ሲጠፋ አብሮ ከጠፋ ገና አልበሰለም፤ ጽሑፉ ላይ ተመለሱበት። የገጠር ሰው አነጋገር እያጣመሙ፣ የሌላውን ብሔር ወይም የአካል ጉዳተኛን ሰው እያስመሰሉ ማሳቅን በፍጹም አልወደውም። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ዘመድ ሆኖ በሚኖርበት በወሎ፣ ሰውን ሳያቆስሉ መጫወት የአዋቂነት ምልክት ነው።

መንዙማም አለ። ምቱ፣ ድቤው፣ አዝማቹን ተቀብሎ መመለሱ ማንኛውንም ሙዚቀኛ ይስባል፤ ገባኝ። ነገር ግን መንዙማ ምስጋናና ጸሎት ነው። ከዳንስ ቢት ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት በመንዙማ ያደጉ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ምናልባት እንቢ ይሏችኋል። እንቢ ቢሏችሁም ቁጭ ብላችሁ ስሙ፤ ምቱን ከራሳቸው ትማራላችሁ።

ስለ ቀረጻ የሥራዬን ያህል ልበል። ባዶ ክፍል ድምፅ ይመልሳል፤ ከፊታችሁና ከኋላችሁ ባለው ግድግዳ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ለማሲንቆ ስልኩን ከቆዳው ፊት ለፊት አንድ ክንድ ያህል አርቁት፤ ከዚያ ከቀረበ የጭራው ፍትጊያ ዜማውን ይውጠዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ዝናብ እስኪያባራ ጠብቁ። ይኸው ይበቃል፤ ውድ ዕቃ አትመኙ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ የአዝማሪን ግጥም፣ የእናቶችን የሠርግ ዜማ፣ የሰፈር ጨዋታ አዋቂን ቀልድ ወስዳችሁ ትሠራላችሁ። መውሰዱ ባህል ነው፤ እኛም እንዲሁ ነበርን። ስም ሳይጠሩ መውሰድ ግን በደል ነው። በካሴት ዘመን ግጥሙን የሰጠ፣ ዜማውን ያቀበለ ሰው ስሙ ሽፋኑ ላይ ሳይጻፍ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬም በድህነት ይኖራሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል። የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ሙሉና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። እናንተም ነገ የራሳችሁ ሥራ ሲወሰድ የምትቆሙት በዚሁ ሕግ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ለሌላው አክብሩት።

እናንተ ተመልካቾችም ድርሻ አላችሁ። ብዙ ሰው ያየውን ቪዲዮ ስልኩ ራሱ ያመጣላችኋል፤ ጥቂት ሰው ያየውን ግን ፈልጋችሁ አግኙት። ክራር፣ አምባሰል፣ ባቲ ብላችሁ ፈልጉና ወደ ታች ውረዱ፣ እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ጥሩ ሲሆን ሙዚቃ ለሚያውቅ አንድ ሰው ላኩለት። ያቺን ክራር ደርዳሪ እኔ ያገኘኋት እንዲህ ነው።

የምትሠሩት ደግሞ ሰኞ ባቲ ገበያ ስትወርዱ ወይም ለሠርግ ገጠር ስትሄዱ፣ በዕድሜ የገፋ ማሲንቆ መቺ ካገኛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ፈቃዱን ጠይቃችሁ ቅረጹት፤ ስሙንና አገሩን በራሱ አንደበት አስነግሩት፤ ጨዋታውን ከማን እንደተማረም ጠይቁት። የጊዜውን ክፈሉት። ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት ለእሱ አሳዩት፤ "ይህቺን አውጣልኝ" ካለ አውጡለት።