ሥራ ከመልቀቅሽ በፊት የወሊድ ፈቃድሽን ቁጠሪ

እህቴ፣ በግል ድርጅት እንደምትሠሪ፣ ልትወልጂ ሁለት ወር እንደቀረሽ፣ የሦስት ወር ሕፃን ለሞግዚት ትቶ ከመሄድ ሥራ መልቀቅ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ያው ጭንቀት ነበረብኝ።

አንደኛ፣ ፈቃድሽ ሦስት ወር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጥሻል። የሥራ ቀናት ስለሆኑ የሳምንት ዕረፍትም ሆነ የሕዝብ በዓል አይገባበትም፤ በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠሪ ከሆነ ዘጠናው ብቻውን 15 ሳምንት፣ አምስት ቀን ከሆነ 18 ሳምንት ነው። የእኛ የሰው ኃይል ኃላፊ ግን የልጄን የልደት ማስረጃ ላስገባ በሄድኩበት ቀን፣ የግድግዳውን ካሌንደር በእስክሪብቶ እየነኩ እሑዱንም ፋሲካውንም ቆጠሩብኝ። ልጄ ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ በእሳቸው ስሌት ከክርስትናው በአሥረኛው ቀን ቢሮ መገኘት ነበረብኝ። ጡቴ ወተት አግቶ እየጠዘጠዘኝ በር ላይ ቆሜ ባስረዳቸው፣ «ደግሞ ጠበቃ ሆንሽልን?» አሉኝ፤ ወንበር እንኳ አልጋበዙኝም። በማግስቱ የነጋሪት ጋዜጣውን ቅጂ አንቀጽ 88 ላይ አስምሬ፣ ከማመልከቻ ጋር በመዝገብ ቤት በኩል አስገባሁና በእጄ በሚቀረው ቅጂ፣ በቀሪው ላይ ማኅተም አስመታሁ። በቃል እንደዚያ የተቆጡት ሰው በጽሑፍ መልስ ሲጠየቁ ጠፉ፤ ፈቃዴም ተስተካከለ። ከእኔ በኋላ የወለዱት ባልደረቦቼ ያንኑ ማመልከቻ ስም እየቀየሩ አስገብተውታል፤ በዚህ አልኮራም ብል ውሸት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ለእርግዝና ክትትል የምትሄጂበትን ሰዓት ከዓመት ፈቃድሽ እንዳይቀንሱብሽ፤ የሐኪም ማስረጃ እስካቀረብሽ ድረስ ሕጉ ከክፍያ ጋር ይፈቅድልሻል። እኔ የዓመት ፈቃዴን ሳልነካ አቆይቼ ከወሊዱ ጋር ስላያያዝኩት፣ ወደ ሥራ ስመለስ ልጄ አራት ወር አልፏት ነበር። አባትየው የሚያገኘው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ በእሱ አትመኪ፤ የእኔው ባለቤት የአራስ ገንፎዬ ሳይበርድ ቢሮው ገብቷል። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ አጥሚቱን ባትይዝልኝ ኖሮ እንዴት እሆን እንደነበር እንጃ።

ሦስተኛ፣ ሞግዚቷን ሥራ ልትገቢ ስትይ ሳይሆን ገና ቤት ሳለሽ አስገቢያት። የእኔዋ ጎበዝና ንጹሕ ብትሆንም ሕፃኗ ባለቀሰች ቁጥር ስኳር የገባበት ውኃ በማንኪያ ልታቀምሳት ትነሣ ነበር፤ ለራሷም ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ለስድስት ወር ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም እንደማይሰጣት የገባት፣ አብረን ውለን ወተቱን ሳልብ፣ ፍሪጅ ሳስቀምጥና በሙቅ ውኃ ውስጥ አድርጌ ሳሞቅ ካየች በኋላ ነው። የታለበ ወተት ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን የፍሪጁን በር እንዳትከፍተው አስጠንቅቂያት።

መልቀቂያውን ለጊዜው ተዪው። ሁለት ወር ከቀረሽ የቅድመ ወሊዱ 30 የሥራ ቀን ሊጀምር ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፤ በዚህ ሳምንት መዝገብ ቤት መግባት ያለበት የፈቃድ ማመልከቻሽ ነው፣ ቀሪውንም ማኅተም ሳታስመቺ እንዳትወጪ።